ታስሮ የሚፈታ ውበት

በናይጄሪያ የዮሩባ ሴቶች ለሠርግና ለክብር በዓል ራሳቸው ላይ የሚያስሩትን ሰፊ ሻሽ ጌሌ ይሉታል፤ ኢግቦዎቹ ደግሞ ኢቻፉ፡፡ ዛሬ ዛሬ ታጥፎና ተሰፍቶ እንደ ባርኔጣ የሚጠለቅ «አውቶ ጌሌ» የሚባል መጥቷል፡፡ ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት የምውል ነኝና ጊዜ መቆጠብን አልነቅፍም፡፡ ነገር ግን ጌሌ ማለት ጨርቁ ነው ወይስ አስተሳሰሩ?

ለእኔ አስተሳሰሩ ነው፡፡ እንደ ኢሴይን ባሉ የሸማኔ ከተሞች በጠባብ በጠባቡ ተሸምኖ የሚጋጠመው አሾ ኦኬ ወፈር ያለ ስለሆነ የታጠፈበትን ይዞ ይቆማል፤ ራሱን ግን አያጥፍም፡፡ በሠርግ ቀን ዘመድና ወዳጅ «አሾ ኤቢ» ብሎ አንድ ዓይነት ጨርቅ ይለብሳል፡፡ በዚያ ሁሉ መመሳሰል መካከል አንዷ ወደ ግራ ታዘነብለዋለች፤ ሌላዋ እንደ ጽጌረዳ ትደራርበዋለች፤ አክስት ከኋላ ቆማ ጫፉን ትስባለች፡፡ ዜማው አንድ ሆኖ ግጥሙ የየራሳቸው ነው፡፡ ፎቶግራፍ አንሺው ጄ. ዲ. ኦካይ ኦጄይኬሬ (1930–2014 እ.ኤ.አ.) ከሹሩባዎቹ ሌላ ጌሌዎችንም በጥቁርና ነጭ ያነሣው፣ ማታ የሚፈታ ቅርፅ መሆኑን ስላወቀ ይመስለኛል፡፡

ወዳጆቼ፣ «ማሰር የሚችለው ሁሉም አይደለም» ትሉኝ ይሆናል፡፡ እውነት ነው፤ በሌጎስ ለባለሙያ ከፍለው የሚያሳስሩ አሉ፡፡ እርሱ አይከፋኝም፤ የዚያችን ሴት ፊት አይቶ የሚያጥፍ እጅ አለበትና፡፡ የተሰፋው ግን በካርቶኑ ውስጥ ሆኖ፣ ለሚመጣው ቅዳሜ ያንኑ መልክ ይዞ ይጠብቃል፡፡