ስሙን የማያውቁት ቤት

«ግንባታ የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ባለቤቱ ገንዘቡን ከፍሎ ቁልፉን ይረከብ» የሚል አነጋገር በአዲስ አበባ የግንባታ ሥፍራዎች እንደ በጎ ምክር ይነገራል። ምክር መስሎ የሚነገረው ይህ ቃል ግን ባለቤቱን ከገዛ ደጃፉ ውጪ ያቆመዋል። የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በመሠረት ውስጥ የሚቀብር ሰው የተቀበረለትን ነገር በስሙ መጥራት ካልቻለ በዋጋ መከራከርም ሆነ ሲበደል አቤት ማለት ይሳነዋል። አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

የግንባታው አማርኛ ብዙ ቃላቱን ከጣልያንኛ ወርሷል። ፌሮ፣ ብሎኬት፣ ሶሌታ፣ ሊሾና ላሜራ ከዚያው የመጡ ናቸው፤ ብረት አሳሪውም ፌራዮ ይባላል። በዚህ የሚቆጩና ለሁሉም ከግእዝ አዲስ ቃል ይቀመር የሚሉ ወገኖች አሉ። ይሁን እንጂ ግንበኛውና አናጺው ለዘመናት ሲግባቡባቸው የኖሩ ቃላት አማርኛ ከሆኑ ቆይተዋል። ጉዳቱ ያለው ትርጉማቸው በመንገድ ላይ ሲለወጥ ባለቤቱ ሳያውቅ መቅረቱ ላይ ነው።

«አርማታ» የሚለውን ቃል መመልከት ይበቃል። በጣልያንኛ «የታጠቀ» ማለት ሲሆን፣ ከሲሚንቶ ጋር ተጣምሮ በውስጡ ብረት ያለውን ኮንክሪት ያመለክታል። አማርኛ ሲሚንቶውን ትቶ ትጥቁን ያዘ፤ ቆይቶም ብረት የሌለውን ድብልቅ ጭምር በዚሁ ስም ጠራ። «ወለሉ አርማታ ተሞልቷል» የተባለ ባለቤት ብረት እንዳለበት ቢያምን አይፈረድበትም፤ ተናጋሪውም ዋሸ አይባልም። እንዲህ ባለው ክፍተት ውስጥ ስንት ብር እንደሚሰወር ማሰብ አያዳግትም።

ቁጥሮቹም ያደናግራሉ። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ የሲሚንቶው ከረጢት ግን 50 ኪሎ ነው። ዋጋ በኩንታል ተነግሮት ከረጢት የሚቆጥር ሰው ሒሳቡ በእጥፍ ይሳሳታል። «ባለ 12 ፌሮ» ሲባል 12 የብረቱ ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው፤ የዘንጉ ርዝመትም በተለምዶ 12 ሜትር ስለሆነ ሁለቱ ይምታታሉ። በባለ 12 ፈንታ ባለ 10 ቢገባ ልዩነቱ ለዓይን ኢምንት ነው፤ የብረቱ መጠን ግን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ባለ 12 ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ባለ 10 ፌሮ 0.62 ኪሎ ያህል ነው። ይህን ለማረጋገጥ ሚዛንና ሜትር በቂ ናቸው። «ሲ-25» የሚለው ምልክትም ኮንክሪቱ በ28ኛው ቀን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን ጫና እንዲችል የሚያስገድድ ቃል ኪዳን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ ካልጠጣ ቃል ኪዳኑ በወረቀት ላይ ይቀራል።

«ታዲያ ባለቤት ሁሉ መሐንዲስ ይሁን ወይ?» የሚል አይጠፋም። በሽተኛ ሐኪም ባይሆንም የሚያመውን ቦታ ይናገራል፤ ከባለቤቱም የሚጠበቀው ይኸው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተቋራጩን ለሠራው ቤት ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ አድርጎታል። ሆኖም ጉድለቱን መሰየም ለማይችል ሰው ይህ ዋስትና ምን ይረባዋል? ከናይሮቢ ወይም ከዱባይ ገንዘብ እየላከ በዘመድ እጅ ለሚያሠራውማ ጉዳዩ የባሰ ነው፤ እርሱ ቤቱን የሚያውቀው በስልክ በሚነገሩት ቃላት ነው።

ይህ ሆኖ ሳለ ብዙ የሥራና የዋጋ ዝርዝሮች በእንግሊዝኛ ተጽፈው አማርኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው ለፊርማ ይቀርባሉ። እንዲህ ያለ ፊርማ ስምምነት ሊባል አይገባውም። ከውሉ ጋር በባለቤቱ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ መያያዝ አለበት፦ የዕቃው ወይም የሥራው ስም፣ ትርጉሙ፣ ልኩና የሚመረመርበት መንገድ። ሐቀኛ ተቋራጭ ይህን ገጽ አይጠላውም፤ ነገ ከሚመጣበት ጭቅጭቅ ያድነዋልና። ገጹን ለመጻፍ ለሚያንገራግር ግን ቅድመ ክፍያ መስጠት አይገባም።