ቀማሹን ለማሰናበት አትቸኩሉ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጅማን ቡና ቀማሽና የግብርና ባለሙያ ሊተካ ነው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ቁጥጥሩ ይቆይ፣ ቴክኖሎጂው መጀመሪያ ይደግ ይላል። እንዴት ያለ ጥድፊያ ነው!

የታመመ ቅጠል በስልክ ካሜራ መለየት ይቻላል፤ እዚሁ ጅማ የተነሣው ደቦ ኢንጂነሪንግ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እሰየው! ግን በሽታ ማወቅ ሌላ፣ ማዳን ሌላ። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ሲገኝ ገበሬውን የታደጉት በጅማ የመልኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ከጫካ ዛፎች መርጠው ያወጧቸው እንደ 74110 ያሉ ዝርያዎች ናቸው።

ቀማሹስ? ማሽን ጥሬውን ቡና በቀለም ይለያል። በማንኪያ ስቦ፣ ምላሱ ላይ አንከባሎ፣ ተፍቶ ደረጃ የሚሰጠው ግን ዛሬም ሰው ነው።

«ሕግ ይቆይ» ባዩ ደግሞ ዘግይቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ገበያው እንዳይገባ የሚከለክልና የማሳ መገኛ የሚጠይቅ ሕግ አውጥቷል። ይህን በሳተላይት እናጣራ ቢባል ግን፣ በጅማዎቹ የጎማና የጌራ ወረዳዎች ቡና የሚያድገው በዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ሳተላይት ከላይ የሚያየው የዋንዛውንና የሰሳውን አናት ነው። ጥላ ያሳሳውን ገበሬ ኮምፒውተሩ ደን ጨፍጫፊ ቢለው አቤት የሚባለው ለማን ነው? ለሰርቨሩ? ውሳኔውን በአፋን ኦሮሞ የሚያስረዳ፣ ስሕተቱን የሚያርምና የሚጠየቅ ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በሕግ ይጻፍ፤ ገበሬው ቡናው ከተመለሰበት በኋላ አይደለም።