ጠላትን ሳያውቁ ጦርን መምረጥ



ወጣቶች በኮምፒዩተር ከሚጫወቷቸው ጨዋታዎች መካከል የጥንቱን ዘመን ጦርነት የሚያሳዩ ይገኛሉ። ወላጆች ብዙውን ጊዜ እነዚህን ጨዋታዎች ጊዜ ማጥፊያ አድርገው ይመለከቷቸዋል። ሆኖም አንዳንዶቹ በማስተዋል ለሚጫወታቸው ሰው አንድ ቁም ነገር ያስተምራሉ። ይኸውም ትናንት ድል ያስገኘ ኃይል ለነገው ጠላት ላይበቃ እንደሚችል ነው።

ለምሳሌ ያህል እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. የወጣውን፣ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ታድሶ የቀረበውን «ሮም፦ ቶታል ዋር» የተባለውን ጨዋታ እንመልከት። የጨዋታው ታሪክ የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ270 ዓመት ነው። ተጫዋቹ ከሦስት ታላላቅ የሮማ ቤተ ሰቦች የአንዱ መሪ ሆኖ ከተሞችን ያስተዳድራል፤ ግብር ይሰበስባል፤ ጦር ያዘምታል። አንድ ጦር ግን ከ20 ጭፍራ በላይ ሊይዝ አይችልም። እያንዳንዱ ጭፍራ ሲመለመል ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከተመለመለም በኋላ ማኖሪያ ወጪ አለው። ስለዚህ ጦሩ ከሞላ በኋላ አንድ የፈረሰኛ ጭፍራ መጨመር የፈለገ ሰው አንድ የእግረኛ ጭፍራ መቀነሱ ግድ ነው። የጨዋታው ፍሬ ነገር ያለው በዚህ ምርጫ ላይ ነው።

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሲጫወቱት የኖረው ሰንጠረዥም ለዚህ የቀረበ ጠባይ አለው። በሰንጠረዥ የሁለቱ ወገኖች ሠራዊት በቍጥርም በዓይነትም እኩል ነው። ነገር ግን «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ጠጠሮቻቸውን እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ። ጎበዝ ተጫዋች በዚያን ጊዜ ዓይኑን ከባላጋራው እጅ አያነሣም፤ የራሱን አሰላለፍ የሚያስተካክለው የዚያን አሰላለፍ እያየ ነውና። የሮማው ጨዋታ የሚለየው፣ አሰላለፉ ብቻ ሳይሆን የሠራዊቱ ዓይነት ጭምር በምርጫ የሚወሰን በመሆኑ ነው።

እንግዲህ ጠላቶቹን በየተራ እንያቸው።

የጋሊያ ሰዎች በመጀመሪያው ግጥሚያ ብርቱዎች ናቸው፤ እየጮኹ በአንድነት ይወረወራሉ። ይህን ማዕበል የሚያቆመው ጋሻውን አጋጥሞ የሚጠብቅ ከባድ እግረኛ ነው። ስለዚህ 12 የከባድ እግረኛ፣ 3 የቀስተኛና 4 የፈረሰኛ ጭፍራ፣ ከአዛዡ ጭፍራ ጋር 20 ሆነው ቢሰለፉ መልካም ነው። እግረኛው ሲይዛቸው ፈረሰኛው በጎን ዞሮ ይመታቸዋል።

የመቄዶንያ ጦር ግን ፋላንክስ የሚባል አሰላለፍ አለው። ወታደሮቹ ተጠጋግተው ረጃጅም ጦሮቻቸውን ወደ ፊት ሲዘረጉ ከፊት ለፊት የሚገባባቸው የለም። ይሁን እንጂ ጎናቸውና ጀርባቸው ደካማ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት በፒድና በተደረገው ጦርነት የመቄዶንያ ሰልፍ ወጣ ገባ መሬት ላይ ሲደርስ ተከፋፈለ፤ ሮማውያንም በክፍተቱ ገብተው አሸነፉት። በጨዋታውም እግረኛውን ወደ 10 ዝቅ አድርጎ 4 የጦር ወርዋሪና 5 የፈረሰኛ ጭፍራ ማሰለፍ ይሻላል።

በካርታጎ ላይ የዘመተ ሰው ደግሞ ዝሆን ይጠብቀዋል። ዝሆን በጋሻ አይገታም፤ በሚወረወር ጦርና በእሳት ፍላጻ ግን ይደነግጣል፤ ከደነገጠም የራሱን ወገን ይረግጣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 ዓመት በዛማ ጦርነት ስኪፒዮ በጭፍሮቹ መካከል መተላለፊያ ትቶ የሐኒባልን ዝሆኖች ያሳለፋቸው ይህን ጠባያቸውን ስለሚያውቅ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው የጳርቴ ጦር ነው። ቀስተኞቹ በፈረስ ተቀምጠው እየሸሹ ይወጋሉ፤ እግረኛም አይደርስባቸውም። ጋሊያን ድል ያደረገው፣ 12 ከባድ እግረኛ ያለው ጦር ሳይለወጥ ወደዚህ ቢዘምት ብርታቱ ራሱ ሸክም ይሆንበታል። በዚህ ፈንታ እግረኛውን ወደ 7 ቀንሶ 8 የቀስተኛና የወንጫፊ፣ 4 የፈረሰኛ ጭፍራ መያዝ ያስፈልጋል።

በጨዋታ የተሸነፈ ሰው እንደ ገና ይጀምራል። በእውነተኛው ታሪክ ግን የምርጫው ዋጋ የሰው ሕይወት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ዓመት የሮማው ባለጠጋ ማርቆስ ክራሱስ በጳርቴ ላይ ዘመተ። ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚነግረን 7 ሌጌዎን እግረኛ፣ ወደ 4,000 የሚጠጋ ፈረሰኛ፣ የዚያኑ ያህልም ቀላል መሣሪያ የያዘ ጭፍራ ነበረው። የአርመን ንጉሥ አርታቫስዴስ የጠላት ፈረስ እንዳይመቸው በአርመን ተራሮች በኩል እንዲዘምት መከረው። ክራሱስ ምክሩን አልተቀበለም፤ ኤፍራጥስን ተሻግሮ በሜዳው ገሠገሠ። በካራን አጠገብም የጳርቴው አዛዥ ሱሬና ገጠመው።

ሮማውያን ተጠጋግተው ጋሻቸውን ሲያጋጥሙ ፍላጻ ይዘንብባቸው ነበር። ፍላጻው ያልቃል ብለው ቢጠብቁም ፍላጻ የተጫኑ ግመሎች ከጠላት በስተኋላ ቆመው ነበር። የክራሱስ ልጅ ፑብሊዮስ ጥቂት ጭፍራ ይዞ ቢያሳድዳቸው ከዋናው ጦር ተለይቶ ተከበበና ሞተ፤ ራሱንም በጦር ጫፍ ሰክተው ለአባቱ ሠራዊት አሳዩት። በዚያ ዘመቻ 20,000 ሰዎች እንደ ሞቱና 10,000 እንደ ተማረኩ ፕሉታርክ ጽፏል። ክራሱስም ራሱ ተገደለ።

ከ15 ዓመት ያህል በኋላ ቬንቲዲዮስ የተባለ ሌላ የሮማ አዛዥ ከዚያው ጠላት ጋር ተዋጋ። እግረኛው እንደ ክራሱስ እግረኛ የሌጌዎን ወታደር ነበር። ነገር ግን ቬንቲዲዮስ ብዙ ወንጫፊዎች ጨመረበት፤ ድንጋያቸው ከሩቅ ይደርስ ነበርና። ሰፈሩንም በከፍታ ላይ አደረገ። የጳርቴ ፈረሰኞች ዳገቱን ሲወጡ እግረኛው ቍልቍል ወረደባቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ38 ዓመት በሶርያ በጊንዳሩስ በተደረገው ጦርነት የጳርቴው ልዑል ፓኮሩስ ወደቀ። የሁለቱን አዛዦች ዕድል የለየው የወታደሮቻቸው ጀግንነት አልነበረም፤ አንደኛው የሚመጣበትን ጠላት አይቶ ሠራዊቱን ማዘጋጀቱ ነው።

ይህ ሲባል ግን ለአንድ ጠላት ብቻ የሚሆን ጦር ማቆም ይገባል ማለት አይደለም። ሁሉን ቀስተኛ ያደረገ ሰው አንድ የፈረሰኛ ጭፍራ ቢደርስበት ይበተናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለ እግረኛው ቀስተኛውን ይከልላል፤ ቀስተኛው ለፈረሰኛው መንገድ ይከፍታል፤ ፈረሰኛውም የእግረኛውን ጎን ይጠብቃል። የሚለዋወጠው የእያንዳንዱ ድርሻ እንጂ ኅብረቱ አይደለም።

ስለዚህ ተጫዋቹ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ራሱን ይጠይቅ። የሚመጣብኝ ማን ነው? የምንገናኘው በሜዳ ነው ወይስ በተራራ? እርሱ ያለው፣ እኔ ግን የሌለኝ ነገር ምንድን ነው? ምርጫው የሚደረገው በምልመላው ጊዜ ነውና፣ እነዚህን በጦር ሜዳ ላይ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም።

ወላጆችም ልጃቸው ይህን ጨዋታ ሲጫወት ቢያዩት «አሸነፍህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ይህን ጦር የመረጥኸው ስለ ምን ነው?» ብለው ቢጠይቁት ይበልጥ ይጠቅሙታል። ምክንያቱን ማስረዳት የቻለ ልጅ በዚያን ቀን ቢሸነፍ እንኳ ለሚቀጥለው ምን ማስተካከል እንደሚገባው ያውቃል።