ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩት

በዓል ሲቃረብ መርካቶ ውስጥ ተጣጥፎ የሚደረደረውን «የሐበሻ ልብስ» ገልብጣችሁ አይታችሁታል? በእጅ የተሠራ ጥለት ከጀርባውም ክሩ ይታያል፤ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። መርካቶ የተደረደረው ግን ፊቱ ደምቆ ጀርባው የገረጣ፣ ባሕር ማዶ በፋብሪካ የታተመ ፖሊስተር ነው።

ታዲያ ባህላችን ዓለምን አዳረሰ ብለን ደስ ይበለን? ወይስ የተጓዘው መልኩ ብቻ ነው? ሽሮ ሜዳ ላይ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን የሚያመላልሰው የጋሞ ሸማኔ የጥለቱን ቁጥር ከአባቱ ተቀብሎ በጣቱ ይዞታል። መልኩን ፎቶ አንስቶ ማተም ከበቃ የእሱ ልጅ ድርና ማግ የሚማረው ለማን ብሎ ነው?

«ግሎባላይዜሽን ባህላችንን በላው» ማለት ቀሎናል። ግን ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲያንቋሽሽ የኖረው ማን ነው? ፋብሪካው ነው? ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ስድቡ ከራሳችን አፍ ስለሚወጣ አይደለም? ልብሱን ወደን ሠሪውን ንቀን ኖረናል። ለባዕዱ ማሽን በሩን የከፈተለት ይኸው ንቀት ቢሆንስ?

ለልጆቿ የበዓል ልብስ በርካሽ የገዛችውን እናት አልወቅስም፤ ገቢዋ የእጅ ሥራን ዋጋ አይደፍርም። የምጠይቀው አቅም ያለውን ነው። ኅዳር 29 በብሔር ብሔረሰቦች ቀን መድረክ ላይ የዶርዜ ጭፈራ ሲቀርብ የሚያጨበጭብ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን የታተመ ጨርቅ የሚያለብሰው ለምንድን ነው? ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ኮርተናል፤ በዓሉን ነጭ በነጭ ያደረገውን እጅስ የት መዘገብነው? ከዋሽንግተን ለሠርግ ቀሚስ የምታዝዙ ወገኖች፣ ከከፈላችሁት ለሸማኔው የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ገበያ የጠየቁትን ያመጣል፤ መልክ ብቻ ስንጠይቅ መልክ ብቻ አመጣልን። ለመጪው በዓል ልብሱን ገልብጣችሁ ካያችሁ በኋላ ሻጩን «ማን ሸመነው?» በሉት። የሚጠራው ስም ካለው፣ ዋጋው ቢወደድም ለዚያ ሰው ክፈሉ። ልጁ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ያባቱን ሥራ ይማር አይማር እያሰበ ነው።