ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ይሄን የምጽፈው ቀዶ ሕክምና ለምትማሩ፣ ለምታስተምሩና አንድ ቀን ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ልንተኛ ለምንችል ለሁላችንም ነው።

ክር መቋጠር ቀላል ይመስላል። ግን የተቆረጠ ደም ሥር የሚታሰረው በዚያች ቋጠሮ ነው። ከላላች በሽተኛው ዋርድ ከተመለሰ በኋላ፣ ሌሊት ላይ ሊደማ ይችላል። የቁስል ስፌት ላይ ከልክ በላይ ከጠበቀች ደግሞ ሥጋው ደም አጥቶ ይሞታል።

ታዲያ ይህን ሙያ የምንመዝነው በምንድነው? ብዙ ጊዜ ሲኒየሩ ቆሞ ያይና “እጁ ጥሩ ነው” ይላል፤ አለቀ። ፈጣን እጅ ደግሞ ዓይን ይሸውዳል።

ሌላው ዓለም ለዚህ መላ ከፈለገ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቶሮንቶ ላይ ኦሳትስ የሚባል ፈተና ተዘጋጀ፤ ፈታኙ በስሜት ሳይሆን በተዘረዘረ መስፈርት ነጥብ ይሰጣል። ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ደግሞ እጅ ላይ በሚለጠፍ መከታተያ እጁ ስንቴ እንደተንቀሳቀሰ ቆጠሩ። የተካነ እጅ ብዙ አይንከራተትም። አሜሪካ ለጄኔራል ሰርጀሪ ቦርድ የሚቀመጥ ሐኪም ኤፍኤልኤስን ማለፍ ይጠበቅበታል። እዚያ ሳጥን ውስጥ በካሜራ እያየ ይቋጥራል፣ ሰዓት ይያዝበታል፣ ቋጠሮው ከላላ ነጥብ ይቀነስበታል።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ሰዓትና የእጅ እንቅስቃሴ ብቻውን አይበቃም፤ ራሷ ቋጠሮዋ ትፈተን! ሁለት ሬዚደንቶች እኩል ፈጥነው ሊቋጥሩ ይችላሉ። የአንዱ ሁለተኛ ዙር ከመጀመሪያው ተቃራኒ ሄዷል፤ ይሄ ስኩዌር ኖት ነው። ሌላው በዚያው አቅጣጫ ደግሞታል፤ ግራኒ ኖት ይባላል። ከላይ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ሲጎተቱ ግን ግራኒው ይንሸራተታል።

“ሲሙሌተር የለንም” የሚለውን ሰበብ ለቋጠሮ አልቀበልም። ጣውላ፣ ሁለት መንጠቆ፣ ጊዜው ያለፈበት ክርና አንድ የሻንጣ ሚዛን ይበቃል። ቋጠሮውን ሚዛኑ ላይ አንጠልጥላችሁ ጎትቱና ስንት ኪሎ ላይ እንደተንሸራተተ ጻፉ። ጓንታችሁን አርጥባችሁም ሞክሩት፤ ደም ክሩን ያንሸራትታል። ከዚያ ያልተጣበቀ ቀላል ዕቃ ላይ ቋጥሩ፤ ዕቃው ከተነሣ ሰው ላይም ደም ሥሩን ወደ ላይ እየጎተታችሁ ነው ማለት ነው።

“ጣውላ ሰው አይደለም” የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። ጣውላ አይደማም፣ ሲኒየርም አያጣድፍበትም። ለዚህ እኮ ነው መጀመሪያ እዚያ መለማመድ ያለብን። ጣውላው የኦፕራሲዮን ክፍሉን አይተካም፤ የመግቢያ ፈተናው ግን መሆን አለበት። አሥር ቋጠሮ አስቋጥራችሁ ጎትቱ። አሥሩም ካልያዙ ልጁ ገና ነው፤ ስድብ ሳይሆን ተጨማሪ ክር ስጡት።

እናንተ ጋ ቋጠሮ የሚመዘነው እንዴት ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እንማማር።