ወርቃማው ቁጥቋጦና የልጆቻችን ደኅንነት

በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን በየመኖሪያ ቤቱ ደጃፍና በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ቅጠሉ ወርቅ የመሰለ ቁጥቋጦ በአጥር መልክ ተተክሎ ይታያል። አትክልተኞች ዱራንታ ይሉታል። አበባ በሌለበት ወቅት እንኳ ግቢን የሚያደምቅ ስለሆነ አያሌ የቤት እመቤቶች ቢመርጡት አያስነቅፍም። ይሁን እንጂ ተክሉ ከውበቱ ጋር አንድ አደጋ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ስለ አተካከሉና ስለ አያያዙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆችን ከጉዳቱ ስለ መጠበቅ እንነጋገራለን።

ዱራንታ የአገራችን ተክል አይደለም። የትውልድ ቦታው ሜክሲኮ፣ የካሪቢያን ደሴቶችና ደቡብ አሜሪካ ነው። ስሙ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ኢጣሊያዊ ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ከካስቶሬ ዱራንቴ የተወሰደ ሲሆን፣ ዛሬ በሳይንስ የሚታወቅበትን ሙሉ ስም የሰጠው ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ነው። በሐኪም ስም የተጠራ ተክል መርዝ ያለበት ሆኖ መገኘቱ ሊያስገርም ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። የዚህ ዝርያ ቅጠል ወርቃማ የሆነው ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚያንሰው ነው። ፀሐይ በደንብ ሲያገኝ ቀለሙ ይደምቃል፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከግንብ ጥላ ሲተከል ግን ወደ አረንጓዴነት ያደላል። ስለዚህ በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያርፍበትን ቦታ ይምረጡለት። በደጋ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነም ተክሉ ውርጭ እንደማይወድ ያስታውሱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ለጋ ቀንበጡ ሊጠወልግ ይችላልና ገና ትንሽ ሳለ በጆንያ ወይም በአሮጌ ጨርቅ ቢሸፍኑት ይተርፋል።

ችግኝ ለመግዛት የግድ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ከጎረቤት አጥር ላይ ያልጠነከረና ያልለሰለሰ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቅርንጫፍ ቢለምኑ ይበቃል። የታችኛውን ቅጠል አራግፈው፣ ቢያንስ ሁለት አንጓ ወደ አፈር እንዲገባ አድርገው፣ አሸዋና ብስባሽ በተቀላቀለበት አፈር ላይ ይትከሉት። ከሥሩ የተበሳሳ ጣሳ ለዚህ ሥራ ያገለግላል። ሥር እስኪሰድ ድረስ ከጠራራ ፀሐይ ከልለው አፈሩን እርጥብ ያድርጉ። ሥር ከያዘ በኋላ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ወደ መሬት ያዛውሩት። ለአጥር የሚሆን ከሆነ በችግኝና በችግኝ መካከል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይተዉ።

ከዚህ በኋላ ዋናው ሥራ መከርከም ነው። ካልተከረከመ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል። ደማቁ ወርቃማ ቀለም የሚታየው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ፣ በተከረከመ ቁጥር ይበልጥ ያምራል። በመካከሉ ፍጹም አረንጓዴ የሆነ ቅርንጫፍ ካዩ ከሥሩ ቆርጠው ያውጡት። አረንጓዴው ክሎሮፊል ስለሚበዛው ፈጥኖ ያድግና ወርቃማውን ይውጠዋል። አንዳንዱ ቅርንጫፍ እሾህ አለውና ጓንት ማድረግ ይጠቅማል።

አሁን ወደ አደጋው እንመለስ። ዱራንታ ሳይከረከም ሲቆይ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ አበባ ያወጣል፤ አበባውም ሲረግፍ ዶቃ የመሰሉ ብርቱካንማ ቢጫ ፍሬዎች ተንዠርግገው ይወርዳሉ። ለሕፃን ልጅ ዓይን ከከረሜላ አይለዩም። እነዚህ ፍሬዎችና ቅጠሉ ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ያለባቸው ሲሆን፣ ፍሬውን በልተው የታመሙና ሕይወታቸው ያለፈ ሕፃናት እንዳሉ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ወፎች ግን ያለ ችግር ይለቅሙታል። ልጅዎ «ወፏ በልታው የለም ወይ?» ቢልዎ፣ ወፍ የበላው ሁሉ ለሰው እንደማይሆን ያስረዱት።

ልጅ ፍሬውን እንደበላ ከጠረጠሩ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ሊከተል ይችላል፤ ሲብስም ሰውነቱን ያንቀጠቅጠዋል። በአፉ የቀረውን አውጥተው አፉን በውኃ ያጠቡለት። እንዲያስመልሰው ብለው ጣት ወደ ጉሮሮው ማስገባት ወይም የጨው ውኃ ማጠጣት ተጨማሪ ጉዳት ስለሚያስከትል አያድርጉት። ከተክሉ አንድ ቅርንጫፍ ከነፍሬው ይዘው በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ሐኪሙ የበላውን ነገር በዓይኑ ሲያይ ለሕክምናው ይቀለዋል።

ከብትና ውሻም ከዚህ ተክል ጉዳት ያገኛቸዋል። ስለዚህ የተከረከመውን ቅጠል ለመኖ አይስጡ፤ ለበዓል የተገዛ በግም ግቢ ውስጥ ሲታሰር ከአጥሩ ራቅ ይበል።

ታዲያ ተክሉን ነቅሎ መጣል ይሻላል ወይ? በቤቱ የሚድህ ወይም ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከት ሕፃን ካለ፣ ሕፃኑ እስኪያድግ ዱራንታን አለመትከል ይመረጣል። ተክሉ ቀድሞ ካለ ግን መፍትሔው መቀሱ ነው። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፉ ጫፍ አካባቢ ስለሆነ፣ ጫፉ በየጊዜው የሚከረከም አጥር አበባ እምብዛም አያወጣም፤ አበባ ካላወጣም ፍሬ አይኖረውም። ቅጠሉን ወርቅ የሚያደርገው ሥራ ልጁንም ይጠብቃል ማለት ነው። በክረምት በየወሩ፣ በበጋ ደግሞ በየሁለት ወሩ ቢከረከም መልካም ነው። ያመለጠ ፍሬ ቢገኝ መሬት የወደቀውም ጭምር ተለቅሞ ይወገድ።

ይህንን ሥራ ለእናት ብቻ መተው አይገባም። አባትም መቀሱን ያንሳ፤ ከፍ ከፍ ያሉት ልጆችም ፍሬውን በጓንት ይልቀሙ፣ ከሥራውም በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። በተለይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ መዋል ከመጀመራቸው በፊት አጥሩን አንድ ጊዜ ዞረው ይመልከቱ። በዚያ ሰሞን ከቅጠሉ ይልቅ መታየት ያለበት በቅጠሉ መካከል የተሰወረው ፍሬ ነው።