ሰዓቱ ለሚጠፋ ኮምፒውተር ፎርማት ምን ይፈይዳል?

መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት መተማ አካባቢ፣ ሽንፋ ከተማ ያለ የአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ሲበራ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሸሽቶ ይገኛል እንበል። ባለቤቱ ያስተካክለዋል፤ መብራት ሲሄድ ሰዓቱም አብሮ ይሄዳል። ኢንተርኔት ልክፈት ሲል ደግሞ ብሮውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ኢሜይሉን ይከለክለዋል። ይህን ጊዜ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፦ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ።» ምክሩ ገንዘብም ፋይልም ያስበላል፤ በሽታውን ግን አይነካውም።

በሽታው ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ነው። እዚያ ሲአር2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ተሰክታለች። ስፋቷ 20፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሯም ይህንኑ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነጠል፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ እየተርገበገበች ሰዓቱን የምትቆጥረውን የኳርትዝ ቁራጭ የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። ሶኬት ላይ የሚውል የሚያድር ዴስክቶፕ ባትሪዋን እምብዛም አይነካትም። መብራት በሚመላለስበት፣ ማታ ማታም ሶኬቱ በሚነቀልበት ቦታ ግን ቶሎ ታልቃለች፤ የመተማ ቆላ ሙቀትም ያፋጥናታል። ፎርማት የሚያጸዳው ሃርድ ዲስኩን ነው። ባትሪዋ የት ሰምታው?

ብሮውዘሩም ያለ ምክንያት አላኮረፈም። ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የደኅንነት ሰርተፍኬት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕድሜው ከ398 ቀን አያልፍም። ራሱን 2015 ላይ ያገኘ ኮምፒውተር ዘንድ ያ ሰርተፍኬት ገና አልተወለደም። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላ ሰውም ማሽኑን 7 ወይም 8 ዓመት ስለሚመልሰው ያው ችግር ይገጥመዋል።

ሁሉም የሰዓት ስህተት የባትሪ አይደለም፤ እንደ መተማ ባለ የሱዳን ድንበር ላይ ደግሞ ይብሳል። ጠጋኙ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት «በስንት ሰዓት ነው የተሳሳተው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ልክ 1 ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ ሱዳንን ይጠርጥር። ካርቱም ከ1992 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ስትቆጥር ቆይታ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ሰዓቷን በ1 ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። መተማ ዮሐንስ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ማዶ ገላባት ገና 2 ነው። የማዶውን ኔትወርክ የያዘ ስልክ ሰዓቱን ከዚያ ሊወስድ ይችላል፤ ስልኩን እያየ ላፕቶፑን የሚያስተካክል ሰውም ስህተቱን ያጋባዋል። ልዩነቱ 3 ሰዓት ከሆነ ዊንዶውስና ሊነክስ አንድ ማሽን ላይ ተጭነው ይሆናል፤ አንዱ የአገሩን፣ ሌላው ዓለም አቀፉን ሰዓት ይመዘግባል። 6 ሰዓት ከሆነ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የጣት ነው፦ የጠዋቱን 3 ሰዓት እንዳለ «3» ብሎ የሞላ ሰው ማሽኑን ሌሊት ላይ ጥሎታል። (የዊንዶውስ የሰዓት ቀጠና ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን የሚፈልግ አይድከም፤ ናይሮቢን ይምረጥ።)

ቀኑም ዓመቱም አብረው ከጠፉ ግን ባትሪዋ ትቀየር። ሶኬቱ ይነቀላል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ መያዣዋ ገፋ ሲደረግ ብቅ ትላለች፤ አዲሷ የመደመር ምልክቷ ወደ ላይ ሆኖ ትገባለች። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴሊት ወይም ኤፍ2 ተጭኖ ባዮስ በሚባለው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ቀኑን መሙላት ነው። አሮጌዋን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አትተዉ፤ ያለቀች ብትመስልም፣ ሕፃን ከዋጣት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች።